ሞሃቪ የት የት ይገድላል? የ«ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ» ሥፍራዎች በአደጋ ደረጃ ሲመዘኑ

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ካሉት ጌም ቤቶች በአንዱ፣ ከበሩ ገባ እንዳሉ በስተቀኝ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከደብተር ተገንጥሎ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ወረቀቱ «ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ» በተባለው ጌም ውስጥ የሚገኙ ቦታዎችን ከ1 እስከ 10 ባለው ነጥብ በአደገኛነታቸው የሚደረድር ሲሆን፣ ያዘጋጁት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰቡ ጥጉ ላይ ባለችው አሮጌ ኮምፒውተር በየተራ የሚጫወቱ አራት ወጣቶች ናቸው። በቤቱ ያሉት ሌሎቹ ስክሪኖች በሙሉ ኳስ ስለሚያጫውቱ ለዚህች ኮምፒውተር ወረፋ የሚጠብቅ ሰው የለም፤ ልጆቹ ለአንድ በረሃ ይህን ያህል ጊዜ ሊሰጡ የቻሉትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። የነጥብ አሰጣጣቸው ቀላል ነበር፦ ብዙ ጊዜ የሞቱበት ቦታ ብዙ ነጥብ ያገኛል። እኔ ጌሙን ሁለት ጊዜ እስከ መጨረሻው የተጫወትሁ ስለሆንሁ ወረቀቱን እንድመለከትላቸው ጠየቁኝ፤ አየሁት፣ በአብዛኛው ግን ሳልስማማ ቀረሁ። ይህ ግምገማ ያልተስማማሁበትን ምክንያት የሚያስረዳ ነው፤ ጌሙን ገና ያልጀመረ አንባቢም ሊገባበት ያለው ዓለም ምን ዓይነት እንደሆነ ከዚህ ይረዳል ብዬ አስባለሁ።

ጌሙን የሠራው ኦብሲዲያን ኢንተርቴይንመንት፣ ለገበያ ያቀረበው ደግሞ ቤተስዳ ሶፍትወርክስ ሲሆን የወጣውም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2010 ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በ2077 ዓለምን ካወደመው የኑክሌር ጦርነት 204 ዓመት በኋላ፣ በ2281፣ በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛትና በአካባቢው በተዘረጋው የሞሃቪ በረሃ ነው። ተጫዋቹ መልእክት አድራሽ ነው፤ የያዘውን ዕቃ ተቀምቶ፣ ጭንቅላቱን በጥይት ተመትቶ ከተቀበረ በኋላ ተርፎ፣ ጉድስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ መንደር በአንድ አዛውንት ሐኪም ቤት ይነቃል። ከዚያ ደጃፍ ከወጣ በኋላ በዚህ ሂድ፣ በዚያ አትሂድ ብሎ የሚያግደው አጥር የለም። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ደግሞ በዚህ በረሃ የሚኖሩት አውሬዎችና ሽፍቶች በአብዛኛው ከተጫዋቹ ሌቭል፣ ማለትም ልምድ ባገኘ ቁጥር ከሚጨምረው የብርታት ደረጃው፣ ጋር አብረው የማያድጉ መሆናቸው ነው። ሌቭል 1 ሆኖ የመጣ እንግዳ መጣ ብሎ የሚለሳለስ፣ ሌቭል 30 ሆኖ ሲመለስም ጉልበት የሚጨምር ቦታ እምብዛም ስለሌለ፣ እያንዳንዱ ሥፍራ የራሱ የጸና ባሕርይ አለው፤ ነጥብ ልንሰጠው የምንችለውም ስለዚህ ነው።

የልጆቹ ወረቀት የሳተው ጉዳትን ከአደጋ ጋር አንድ አድርጎ በመቁጠሩ ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ጉማሬ ሰው እንደሚገድል ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ ሆኖም ጀልባ የሚቀዝፉት ሰዎች ጉማሬዎቹ የሚውሉበትን ሸምበቆ ከሩቅ ስለሚያሳዩን፣ ሲመሽ ለግጦሽ ከውሃ የሚወጡበትንም ሰዓት ስለምናውቅ፣ በአሞራ ገደል በኩል አሳ እየበላን አባ ኮዳዎችን ስንመለከት ማንም በፍርሃት አይንቀጠቀጥም። ጉማሬው ያው ጉማሬ ነው፤ የሚያሰጋው ማንም ያላሳየን ሲሆን ነው። ስለዚህ እኔ ነጥብ ስሰጥ ሁለት ነገሮችን አብሬ አያለሁ፦ ቦታው ምን ያህል ይጎዳል፣ ከመጉዳቱስ በፊት ምን ያህል ይናገራል። ብዙ የሚጎዳ ነገር ግን ጮክ ብሎ የሚናገር ቦታ መካከለኛ ነጥብ ያገኛል፤ ዝም ብሎ የሚጎዳው ወደ ላይ ይወጣል።

በዚህ መለኪያ የመጀመሪያው ተጎጂ ወረቀቱ 10 የሰጠው ኳሪ ጃንክሽን ነው። ከጉድስፕሪንግስ ኮረብታ ላይ ሆነው በምሽት ወደ ሰሜን ሲመለከቱ የቬጋስ ከተማ ብርሃን ይታያል፤ ካርታውን ለሚያይም መንገዱ አጭር ነው። ጌሙ ግን ተጫዋቹ ወደ ደቡብ ወርዶ በፕሪም፣ በኒፕተንና በኖቫክ በኩል ሰፊ ዙር እንዲዞር ይፈልጋል፤ ይህንንም የሚያደርገው በር በመዝጋት ሳይሆን በአጭሩ መንገድ ላይ ባለ የድንጋይ ካባ ውስጥ ዴዝክሎ የሚባሉትን አውሬዎች በማስፈር ነው። ዴዝክሎ ከጦርነቱ በፊት የአሜሪካ ጦር ለውጊያ ብሎ ከእስስት ዘር ያራባው፣ ቀንዳምና ባለ ረጅም ጥፍር ፍጥረት ነው፤ በሩጫ የሚያመልጠው የለም፣ አዲስ ተጫዋች ደግሞ ከሁለትና ሦስት ምት በላይ አይችልለትም። ጉዳቱ እንግዲህ ሙሉ 10 ነው። ነገር ግን ወደዚያ የሄደ ሰው ሳይነገረው አልሄደም። በመንደሩ ያሉ ሰዎች የሰሜኑን መንገድ ይፈሩታል፤ ከካባው በፊት ያለችው ስሎን የምትባል ሰፈር ነዋሪዎችም ሥራ ፈትተው የተቀመጡት አውሬዎቹ ካባውን ስለወሰዱባቸው መሆኑን በግልጽ ይናገራሉ። ይህን ሁሉ ሰምቶ የሚገባ ሰው እያዩ ገደል መግባት የሚባለውን ነው የሚያደርገው። ከዚህም በላይ ጌሙ ለድፍረት ትንሽ ቀዳዳ ትቷል፦ በጉድስፕሪንግስ ትምህርት ቤት ካዝና ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ከዓይን የሚሰውር ስቴልዝ ቦይ የተባለ መሣሪያ ስለሚገኝ፣ ያን ያገኘና ድንጋይ ለድንጋይ እየተጠጋ መሄድ የሚችል ሰው በሌቭል 2 ቬጋስ ሊደርስ ይችላል። ማስጠንቀቂያ ያለው፣ ምክንያት ያለው፣ ለብልህም ማለፊያ ያለው ሥፍራ ስለሆነ ለኳሪ ጃንክሽን 6 ሰጠሁት። ከልጆቹ አንዱ «ጋሼ፣ ኳሪን 6 ብለው ከጻፉ ማን ያምነናል?» ብሎኛል፤ አባባሉ ስጋት ቢኖረውም ነጥቡን አልቀየርሁም።

ወረቀቱ 5 ብቻ የሰጠውን፣ እኔ ግን 9 የምሰጠውን ቦታ ለማግኘት ከዚያው ከጉድስፕሪንግስ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ከመንደሩ በስተሰሜን ያሉት ኮረብቶች የካዛዶር መኖሪያ ናቸው። ካዛዶር ሸረሪት ከሚያድነው ትልቅ ተርብ ዘር የመጣ፣ ጥቁር ሰውነትና ብርቱካናማ ክንፍ ያለው፣ ውሻ የሚያህል በራሪ ነው፤ ብቻውን አይመጣም፣ በቀጥታም አይበርም፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ መርዙ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታዬ እኔ ራሴ ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ ካባውን ለመሸሽ በእነዚህ ኮረብቶች በኩል ዞርሁ፤ ሦስት ሆነው መጡብኝ፣ አንዱን ገደልሁ፣ ከሁለቱ ሮጬ አለት ሥር ገባሁ፣ ድምፃቸውም ራቀ። ተረፍሁ ብዬ ዕቃዬን ማየት ስጀምር ጤናዬ ቀስ በቀስ እየወረደ ነበር፤ ጠላት በሌለበት፣ ጸጥ ባለ ቦታ፣ ቆሜ ሞትሁ። የመርዙ ማርከሻ በጌሙ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን መያዝ እንደሚያስፈልግ አዲሱ ተጫዋች የሚረዳው ከተነደፈ በኋላ ነው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። ክንፋቸውን አነጣጥሮ መምታት መሬት ለመሬት እንዲጎተቱ ስለሚያደርጋቸው ልምድ ላለው ሰው መላ አላቸው፤ ይህንንም የሚያስተምር ሰው በመንገዱ ላይ አይገኝም። ከአውሬው ቀድሞ የሚደርሰው ማስጠንቀቂያ የክንፉ ጥዝታ ብቻ ነው፣ እርሱም ከተሰማ በኋላ ጊዜው አጭር ነው። ዴዝክሎን ለመሸሽ የሚመረጠው መንገድ ከዴዝክሎ በላይ ዝምተኛ ሞት የያዘ መሆኑ ተንኰል ይመስላል፤ እኔ ግን የጌሙ ሠሪዎች በሚገባ አስበውበት ያደረጉት እንደሆነ አምናለሁ፣ የሚያስደስተኝም ለዚህ ነው።

በደቡቡ ዙር ያሉት ከተሞች ረጅም ንግግር አያሻቸውም። ፕሪም ከእስር ቤት ባመለጡ ወንጀለኞች የተያዘች ስትሆን፣ ከመግባታችን በፊት ወታደር አስቁሞ ስለሚነግረን 3 ይበቃታል፤ ድልድዩ ላይ የተቀበሩትን ፈንጂዎች ለማየት ዝቅ ብሎ መሄድ ነው። ኖቫክ ትልቅ የዳይኖሰር ሐውልት ያለባት የእንግዳ ማረፊያ ሰፈር ናትና 1። ኒፕተን ላይ ግን ትንሽ መቆም ይገባል፤ ልጆቹ 8 ሰጥተዋት ነበር። ከተማይቱ ትቃጠላለች፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰዎች በመስቀል ላይ ተሰቅለዋል፣ ሌጅዮን የሚባለው ሠራዊት አዛዥም መጥቶ ያደረገውን በኩራት ያወራል። ከዚያ ተጫዋቹ ካልተኰሰ እነርሱም ሳይነኩት ይሄዳሉ። የሚዘገንን ቦታ ነው፤ አስፈሪነት ግን ራሱን የቻለ መለኪያ እንጂ አደጋ ስላልሆነ 2 ብዬ አልፌዋለሁ።

ቮልት የሚባሉት ከጦርነቱ በፊት የተሠሩ የምድር ውስጥ መጠለያዎች ይህን የመናገርና የዝምታ ጉዳይ ከሁሉ በተሻለ ያሳያሉ። ቮልት 22 መግቢያ ላይ «አትግቡ፣ ተክሎቹ ይገድላሉ» የሚል ጽሑፍ በቀለም ተጽፏል። ይህን አንብቦ የገባ ሰው ቅጠል መካከል ተደብቀው ድንገት የሚነሱትን፣ በሻጋታ የተያዙ የቀድሞ ነዋሪዎች ሲያይ ይደነግጣል፤ ተታለልሁ ግን ሊል አይችልም። ነጥቡ 5 ነው። ቮልት 34 ከዚህ ፍጹም ይለያል። ጨረር በየኮሪደሩ አለ፣ አንዳንዱ ክፍል በውሃ ተጥለቅልቋል፣ ለመውጫና ለመግቢያ የሚያስፈልገው ቁልፍ ነገር ውሃ ውስጥ ከሞተ ሰው ላይ ይገኛል፣ መንገዶቹም እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ ተጫዋቹ አንዱን ክፍል ሦስት ጊዜ ሊዞረው ይችላል። ጨረር እንደ ዴዝክሎ አይጮህም፤ ቆጣሪው እየተንጫረረ ቁጥሩ ይጨምራል፣ መድኃኒቱ እያለቀ ይሄዳል፣ ወደፊት ለመሄድ ሩቅ ወደ ኋላ ለመመለስም ሩቅ የሚሆንበት ሰዓት ይመጣል። ከዚህ በኋላ ደግሞ መጨረሻው ክፍል ላይ በቮልቱ ውስጥ የታገቱትን ሰዎች በማዳንና በላይ ያሉትን ገበሬዎች ውሃ ከጨረር በመታደግ መካከል ምርጫ ይቀርባል። እዚህ አደጋ ላይ የሚወድቀው የተጫዋቹ ሕይወት ብቻ አይደለም። ለቮልት 34 ያለ ምንም ማመንታት 9 ሰጥቼዋለሁ፤ ልጆቹ 4 የሰጡት ገና ስላልጨረሱት እንደሆነ በኋላ አምነዋል።

ካምፕ ሰርችላይትም በጨረር የተበከለ ቢሆንም ከውጭ የሰፈሩት ወታደሮች ምን እንደደረሰበት ስለሚነግሩን 5 ነው። ብላክ ማውንቴን ላይ ያሉት ሱፐር ሚውታንቶች፣ ማለትም ከሰው ተለውጠው የገዘፉት ፍጥረቶች፣ ደግሞ በራሳቸው ሬዲዮ ጣቢያ ሌሊትና ቀን ስለ ራሳቸው ይለፍፋሉ፤ ከተራራው ግርጌ ባለች ጎጆ የሚኖር ኒል የሚባል ወዳጅ ሚውታንትም አትውጣ ብሎ ይመክራል። ሬዲዮ ከፍቶ ራሱን የሚያጋልጥ ሥፍራ ከ5 በላይ ማግኘት የለበትም።

ይህ ሁሉ ክርክር አዲስ አይደለም። ተጫዋቹ አንድን ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚጫወትበት የሮል ፕሌይንግ ጌም መነሻ የሆነው፣ ያለ ኮምፒውተር በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄደው «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» በ1974 ሲወጣ ለዚህ ጥያቄ ቀላል መልስ ነበረው፦ የምድር ቤቱ ወለል ወደታች በወረደ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። ተጫዋቾቹ ደረጃ ወርደው ሦስተኛው ወለል ሲደርሱ ምን ያህል እንደደፈሩ ራሳቸው ያውቁታል፤ የአደጋው ደረጃ በሕንፃው ቅርጽ ውስጥ ተጽፏል ማለት ነው። በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ለእያንዳንዱ አውሬ የአስቸጋሪነት ቁጥር ሲሰጥ ግን መለኪያው ጨዋታውን በሚመራው ሰው እጅ ገባ። በኮምፒውተሩ በኩል ደግሞ በ2006 የወጣው «ኦብሊቪየን» ጠላቶች ከተጫዋቹ ጋር እንዲያድጉ በማድረጉ፣ ጀግናው እየበረታ ሲሄድ ተራ ሽፍቶች ሳይቀሩ እጅግ ውድ ጥሩር ለብሰው መንገድ ላይ ይጠብቁት ጀመር። እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ የሥፍራዎችን ደረጃ የሚያሳይ ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ትርጉም አይኖረውም፤ ሁሉም ቦታ 5 ነውና። ኒው ቬጋስ ወደ ጥንቱ ወለል አስተሳሰብ ተመልሶ፣ ወለሉን በጂኦግራፊ ተክቶታል ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ጌሙ ከወጣ በኋላ ለብቻቸው ከተለቀቁት አራት ተጨማሪ ክፍሎች መካከል «ዴድ መኒ» የተባለው ብቻውን 10 አግኝቷል። ተጫዋቹ ሲዬራ ማድሬ ወደሚባል የተዘጋ ካሲኖ ይወሰዳል፣ መሣሪያውና ልብሱ በሙሉ ይወሰድበታል፣ አንገቱ ላይም የሚፈነዳ ማሰሪያ ይታሰርበታል። ሰማዩን የሸፈነው ቀይ ዳመና ውስጥ የገባ ጤናው ይመነምናል፤ በየጥጉ ያሉ አሮጌ ሬዲዮኖችና ድምፅ ማጉያዎች የአንገቱን ማሰሪያ ስለሚቀሰቅሱት ጢጥ ጢጥ ማለት ሲጀምር ሬዲዮኑን ፈልጎ ማጥፋት ወይም ወደ ኋላ መሸሽ የጥቂት ሰከንዶች ጉዳይ ነው። ጠላቶቹም ወድቀው ካልተቆራረጡ ይነሳሉ። በዋናው በረሃ ሃምሳ ሰዓት የተማርነው ነገር፣ ማለትም ከሩቅ ማየት፣ ሰው መጠየቅ፣ ታጥቆ መምጣት፣ እዚህ ምንም አይጠቅምም። ብዙ ሰው ይህን ክፍል ይጠላዋል፤ እኔ ግን ሁሉም ሥፍራ ሐቀኛ በሆነበት ዓለም ውስጥ አንድ ሐሰተኛ ቦታ መኖሩ የሌሎቹን ሐቅ ያጎላዋል እላለሁ። ከመግባት በፊት እስኪያልቅ ድረስ መመለስ እንደማይቻል የሚገልጽ መልእክት ስለሚመጣ፣ ቢያንስ በሩ ላይ አልዋሸም።

ነቀፌታ የለኝም ማለት አይደለም። ከሁሉ የምቃወመው የማይታዩትን ግድግዳዎች ነው። በዓይን ሲታይ ፍየል እንኳ የሚወጣው ዝቅተኛ ኮረብታ ላይ ደርሶ በባዶ አየር መታገድ፣ አደጋን በአውሬና በምክር ሲያስተምር የቆየ ዓለም ድንገት በክልከላ መናገሩ ነውና ቃሉን ያፈርሳል። ታቦር ተራራ ላይ እግሩ ባደረሰው የወጣ ልጅ ይህ ነገር አይገባውም። ጌሙ በ2010 ሲወጣ በብዙ የቴክኒክ ጉድለቶች የታወቀ እንደነበረም መዘንጋት የለበትም፤ ብዙዎቹ በኋላ በተለቀቁ ማስተካከያዎች ቢታረሙም በተለያዩ ፋይሎች ደጋግሞ ሴቭ ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው። እኔ በላፕቶፕ ባትሪዬ ተማምኜ የቮልት 34ን ሦስት ሰዓት ድካም ያጣሁት ይህን ባለማድረጌ ነው።

ሃርድኮር የሚባለውን አማራጭ የሚመርጥ ሰው ከላይ ያሉትን ነጥቦች በሙሉ በአንድ ከፍ ያድርጋቸው። ውሃ፣ ምግብና እንቅልፍ ያስፈልጋል፣ ጥይት ክብደት ይኖረዋል፣ የጤና መርፌው ወዲያው ሳይሆን ቀስ እያለ ይሠራል፣ አብረውን የሚጓዙ ጓደኞችም ለዘለቄታው ይሞታሉ። በዚህ አማራጭ 1 የነበረችው ኖቫክ 1 እንደሆነች የምትቀረው አልጋና ውሃ ስላላት ብቻ ነው።

ለመግዛት ለሚያስብ፣ በ2012 የወጣው «አልቲሜት ኤዲሽን» አራቱንም ተጨማሪ ክፍሎች ስለያዘ እርሱን ይምረጥ። ጌሙ 2 ጊጋባይት ራምና 10 ጊጋባይት ያህል የዲስክ ቦታ ብቻ ስለሚጠይቅ አዳዲሶቹን ጌሞች የማትሸከም አሮጌ ኮምፒውተር ትሸከመዋለች። የዕድሜ ገደቡ በአሜሪካው ምደባ 17፣ በአውሮፓው 18 ነው፤ ገደቡም ተገቢ ነው፣ ኒፕተንን ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ማሳየት አይገባም። ለጌሙ በጠቅላላው ከ10 የምሰጠው 9 ነው።

አዲሱ ወረቀት አሁን በአሮጌው ቦታ ተለጥፏል። በእኔና በልጆቹ መካከል ያልተዘጋው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ዴድ ዊንድ ካቨርን። ከተራዎቹ ሁሉ የሚገዝፈው ዴዝክሎ የሚኖርበት ይህ ዋሻ በልጆቹ ዘንድ 10፣ በእኔ ዘንድ 7 ነው፤ ከእነርሱ ግን ገብቶ የወጣ እስካሁን ስለሌለ ሣጥኑን ባዶ ትተነዋል።